ስለ ልጅና ስለ ሥራ፥ ከአንድ ድራማ የተነሣ

ባለፈው ክረምት፥ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለን በአንድ የእሑድ ማታ፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እኅታችን ከላከችልን ዕቃ መካከል የተገኘውን አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ድራማ ከባለቤታችን ጋራ ተቀምጠን ተመለከትን። እኅታችን በማኅደሩ ላይ «ጡት ማስጣል የሚለውን ክፍል አስቀድማችሁ እዩ» ብላ በእጇ ጽፋበት ነበርና ትእዛዟን ፈጸምን። ይህንን የምንጽፈው ድራማውን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ካየነው በኋላ በቤታችን የተነሣው ነገር በብዙ ቤት የሚገኝ ስለ መሰለን፥ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ቢሰሙት አይጠሉትም ብለን ነው።

ድራማው በእንግሊዝኛ ስሙ «ሠርቲሰምቲንግ» ይባላል፤ ዕድሜያቸው ሠላሳን አልፎ አርባ ያልደረሰ ሰዎችን ኑሮ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ በአማርኛ «ሠላሳ ከምናምን» እንደ ማለት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1987 እስከ 1991 ድረስ ኤ.ቢ.ሲ. በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ የቈየ ሲሆን፥ ያቀናበሩት ኤድዋርድ ዝዊክና ማርሻል ኸርስኮቪትስ የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ በ1988ም ኤሚ የሚባለውን ሽልማት በድራማ ረገድ ተቀብሏል። ታሪኩ የሚፈጸመው በፊላደልፊያ ከተማ ነው። ሆፕ የምትባል፥ ፕሪንስተን ከሚባለው ከታላቁ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የወጣች ሴት፥ ጄኒ የምትባል ሕፃን ወልዳ ሥራዋን ትታ በቤት ተቀምጣለች። ባልዋ ማይክል ደግሞ ከጓደኛው ከኤልየት ጋራ ሆኖ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት አቋቁሟል። እኅታችን በመረጠችልን ክፍል ሆፕ ወደ ቀድሞው የመጽሔት ሥራዋ በከፊል ሰዓት ልትመለስ ትሞክራለችና፥ ልቧ በሕፃኒቱና በሥራው መካከል ለሁለት ሲከፈል እናያለን።

ነገሩ ይኸው ነው። ሽጉጥ አይተኰስበትም፥ ንብረት አይወረስበትም። እኛ ግን ከግማሹ በላይ ተቀምጠን ለማየት አልቻልንም፤ ሻይ ልናፈላ ነው ብለን ወደ ማድ ቤት ወጣን። ባለቤታችን ውሃው ሳይፈላ አስቀድሞ ምክንያቱን ያወቁት ይመስለናል።

ልጃችን የተወለደችው ከ4 ዓመት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ እኛ የአፈር ምርመራ በሚደረግበት በአንድ የግል ቤተ ሙከራ እንሠራ ነበር፤ ከዚያውም ጋራ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታችንን ጨርሰን የቀረን የመመረቂያው ጽሑፍ ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋራ ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ይፈቅዳል። በፊት ከነበረው አዋጅ ጋራ ሲተያይ ለእናቲቱ 30 ቀን ተጨምሮላታልና ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐኪሞችም የዓለም የጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ሌላ ምንም፥ ውሃ እንኳ ቢሆን፥ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። የ90 ቀኑ ዕረፍት ከ6 ወሩ ምክር ጋራ በግማሽ መንገድ ይለያያል፤ የቀረውን 3 ወር እናትና ልጅ እንደ ምንም ይሻገሩት ዘንድ ተትቶላቸዋል።

ለእኛ ነገሩ ይበልጥ አጥሮ ታየን። ልጃችን ሴት ስለ ሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀን ተነሣች፤ እንግዶቹ ሄደው ድንኳኑ ሲፈርስ ከዕረፍታችን የቀረው 10 ቀን ብቻ እንደ ሆነ የቈጠርነው ገና የቡናው ረከቦት ሳይነሣ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሥራ ገባን። እናታችን ከደብረ ብርሃን መጥተው ሕፃኒቱን ያዙልን። በጡት አለቦ የሚታለበው ወተት በቤት ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፥ በማቀዝቀዣ ግን እስከ 4 ቀን ሳይበላሽ እንደሚቈይ ተምረን ነበርና፥ ሌሊት በ10 ሰዓት እየተነሣን በመስተዋት ብርጭቆ እያለብን፥ ክዳኑ ላይ ቀንና ሰዓት እየጻፍን እናስቀምጥ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ የለም፥ ለወተት የሚሆንም ጓዳ የለም፤ ስለዚህ ቀን ቀን የአፈር ናሙና ከሚከማችበት ክፍል ገብተን በሩን በጀርባችን ደግፈን ነበር የምናልበው። እናታችን ይህን ሰምተው «እኔ አምስት ስወልድ ወፍጮውንም፥ ውሃውንም፥ አጨዳውንም በአንቀልባ አዝዬ ሠርቻለሁ፤ የእናንተ ሥራ ምን ዓይነት ቢሆን ነው ልጅ የማይወደው?» አሉ። በጊዜው ቅር አሰኝቶን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቀድሞ እናቶች ሥራ አልነበራቸውም የሚል ሰው ቢኖር አልዋለበትም፤ ልዩነቱ የእነርሱ ሥራ ሕፃኑን ከጀርባቸው አውርጂው አለማለቱ ነው። እኛ ግን አሲድ በሚቀዳበት ክፍል ልጅ አዝለን ልንገባ አንችልም።

ሕፃኒቱ 5 ወር ሲሆናት ለመመረቂያው ጽሑፍ የሚያስፈልገን የመረሬ አፈር የሚወሰድበት ጊዜ ደረሰ። መረሬ ማለት በጋ ሲሆን እንደ ጋን ተሰነጣጥቆ፥ ክረምት ሲሆን እንደ ሊጥ የሚያጣብቀው ጥቁሩ አፈር ነው፤ የምንመረምረው ስንጥቁን ስለ ነበር በልግ ሳይዘንብ መወሰድ ነበረበት፤ ካለፈ ለከርሞ ነው። ከቢሾፍቱ ወዲያ ሦስት ሌሊት ማደር ግድ ሆነ። ሕፃኒቱን ይዘን እንዳንሄድ ማደሪያው ለሕፃን የሚሆን አልነበረም። ለአራት ቀን የሚበቃ ወተት አጠራቅመን ሄድን።

ቀኑን በሥራ አሳለፍነው፤ እውነቱን ለመናገር ከወለድን ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎን አናውቅም። ጕድጓዱ ውስጥ ወርደን የአፈሩን ንብብር በሜትር እየለካን ሳለን ማን እንደ ሆንን ትዝ አለን። ሌሊቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጡታችን ድንጋይ ሆነ፤ ማለቢያው ተበላሽቶ ስለ ነበር በተከራየነው ክፍል በጨለማ ተቀምጠን ወተቱን በእጃችን ወደ መታጠቢያ ሳሕን ጨመቅነው። የልጅን ምግብ ወደ ውጭ መድፋት ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት ሰው ቢነግሩትም አይገባው።

በአራተኛው ቀን ማታ ቤት ስንደርስ ሕፃኒቱ ስቃ ተቀበለችን። ጡት ስንሰጣት ግን ፊቷን አዞረች። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርን፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳት ሞከርን፤ እንቢ አለች። እናታችን ሳምንት ያህል ዝም ብለው ካዩን በኋላ «ተዪያት ልጄ፤ ሌላው ሬት ተቀብቶ እያለቀሰ ነው የሚተወው፤ እሷ ራሷ ትታዋለች» አሉን። እንግዲህ የሆፕ ድራማ «ጡት ማስጣል» ሲባል እኛ ወደ ማድ ቤት የወጣነው ስለዚህ ነው። እኛ ጡት አላስጣልንም፤ እኛው ነን የተጣልነው።

ጽሑፉ በጊዜው ተጠናቀቀ፥ ዲግሪውንም ተቀበልን። በምርቃቱ ቀን አንዲት ዘመድ «ግን እንዴት አስቻለሽ?» ብላ ጠየቀችን። መልካም ሴት ናት፥ በክፋትም አልተናገረችውም። ቃሉ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከጆሯችን አልወጣም።

ወደ ድራማው እንመለስ። ይህ ድራማ በአገሩ ወቀሳ አግኝቶት ነበር። ሱዛን ፋሉዲ የምትባል ጋዜጠኛ በ1991 ባሳተመችው «ባክላሽ» በተባለው መጽሐፏ፥ በቤት የምትቀመጠዋን እናት እንደ ተባረከች፥ ሥራ የያዙትን ሴቶች ግን እንደ ተጨነቁ አድርጎ ያሳያል ብላ አጥብቃ ነቅፋዋለች። ነቀፋዋ ከእውነት የራቀ አይመስለንም። ሆፕን ሆና የተጫወተችው ሜል ሃሪስ ራሷ በዚያን ጊዜ የትንሽ ልጅ እናት ሆና ሳለች ለሥራዋ ትወጣ ነበርና፥ ሥራና ልጅ አይስማሙም የሚለውን ታሪክ የምታሳየን ሁለቱን በአንድነት የያዘች ሴት ናት። ደግሞም ሕፃኒቱን ጄኒን ሆነው የተጫወቱት መንትዮች ናቸው። ድራማው በተቀረጸበት በካሊፎርኒያ ሕግ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አንዷ ስትደክም ሌላይቱ ትተካለች። ይህን ስናነብ ብቻችንን ሳቅን። ለአንዲት ሕፃን ሁለት ሕፃናት ሲመደቡ፥ ለአንዲት እናት ምትክ የመደበላት ሰው በታሪኩ ውስጥ አልነበረም።

በዚያም ላይ ሆፕ በኖረችበት ዘመን በአሜሪካ ነፍሰ ጡር ናት ተብላ ሴት ከሥራ እንዳትባረር የሚከለክል ሕግ በ1978 ወጥቶ ነበር እንጂ፥ ለወላድ ዕረፍት የሚሰጥ የመላው አገር ሕግ ገና አልነበረም። እርሱ የወጣው በ1993 ነው፤ የሚሰጠውም 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ፥ ያውም 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። እኅታችን ይህን ክፍል እንድናይ የመረጠችልን በከንቱ አይደለም፤ እርሷ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ የተመለሰች ሴት ናት።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለን ሌላ ነገር ነው። ሻዩን ይዘን ተመልሰን ባለቤታችንን እንዲህ ብለን ጠየቅናቸው፦ «ማይክል ልጅ በተወለደበት ሰሞን ድርጅት ሲያቋቁም እንዴት አስቻለህ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ?»

ባለቤታችን ዝም አሉ። ዝም ያሉበትም ምክንያት አላቸው። ልጃችን በተወለደች በሁለተኛው ወር እርሳቸውም ከአንድ ወዳጃቸው ጋራ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው፥ ጧት በ12 ሰዓት ወጥተው ማታ በ3 ሰዓት ይገቡ ነበር። ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ልጅ ሲመጣ አባት እንዲህ ሊተጋ ይገባል» እያለ አመሰገናቸው። እኛም አመስግነናቸዋል፤ ይህን አንክድም። እርሳቸው በእነዚያ ወራት ሕፃኒቱን ነቅተው ያዩአት በእሑድ ብቻ ነው፤ እኛ ሦስት ሌሊት ብናድር ግን እስከ ዛሬ ይታወሳል። ጥፋታቸው ነው ማለታችን አይደለም። ሕጉ ሦስት ቀን ሰጣቸው፥ ዘመድ ምስጋና ሰጣቸው፥ የሚያስቆማቸው ማን ነበር?

ድራማው ነገሩን በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ እንዳለ ጦርነት አድርጎ ያሳየናል፤ ልጅ ወይስ ሥራ ብላ ትመርጥ ዘንድ። እኛም አራት ዓመት እንደዚያው አስበነው ስንወቀስና ራሳችንን ስንወቅስ ኖርን። አሁን ግን የልብ ጉዳይ አይመስለንም። እናታችን ከደብረ ብርሃን ባይመጡ ኖሮ ልባችን ምንም ቢጸና ሥራው አይሠራም ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ አንዲት ጓዳ፥ የማይበላሽ አንድ ማለቢያ፥ ከባለቤታችን ሥራ ቤት የተወሰደ ግማሽ ቀን ቢኖር ኖሮ ደግሞ ሕፃኒቱ ፊቷን ባላዞረች ነበር ብለን እንገምታለን። በርግጥ ማወቅ አይቻልም፤ ምንም ሳይሆን ራሱን ከጡት የሚያወጣ ሕፃን አለ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለፈ ነገር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በመጪው መጋቢት፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ ሁለተኛ ልጅ እንወልዳለን። ከድራማው ማታ ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያው በመረሬ አፈር ላይ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት እንድንጀምር የሚጠራን ደብዳቤ ደረሰን፤ መልሱም እስከ ኅዳር 30 ቀን ይጠበቃል። ደብዳቤውን ማታ ከራት በኋላ በጠረጴዛው ላይ አኖርነው። ባለቤታችን ሁለት ጊዜ አነበቡት፥ ቀኑን በጣታቸው ቈጠሩ፥ ምንም ሳይሉን ተኙ።

በማግስቱ ጧት ወደ ሥራ ቤታቸው ሄደው ከመጋቢት ጀምሮ ከቀትር በኋላ ብቻ እንደሚገቡ ለባልንጀራቸው ነገሩት። ሰውየው እጅግ ደነገጠ፤ ማታም ብርቱካን ገዝቶ በሽተኛ ሊጠይቅ ወደ ቤታችን መጣ። ደህና ቆመን በሩን ስንከፍትለት ጊዜ የሚለው ጠፍቶት ፌስታሉን እንደ ያዘ ቀረ። ብርቱካኑን ሕፃኒቱ በላችው። መልሱን ግን እስካሁን አልጻፍንም።