ወደ አገራችን የምትጠልቅ ጀንበር

አማርኛ የደገኛ ቋንቋ ነው ይባላል። ነገር ግን ፀሐይ ከዓይናችን ስትሰወር «ጀንበር ጠለቀች» እንላለን፤ መጥለቅ ደግሞ የውኃ ቃል ነው። ዋናተኛ ይጠልቃል፤ ጥልቅ የሚባለው ጉድጓድ ነው፣ ባሕር ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የመንዝ ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጀንበሯ ከተራራ ጀርባ ስትገባ እያየ «ጠለቀች» ይላል። ሐይቁን «ባሕር»፣ በጣና ዳር ያለውን ከተማ «ባሕር ዳር»፣ ውጭውን ዓለም ሁሉ «ባሕር ማዶ» ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ባሕር በአንደበታችን ሞልቷል፤ በመስኮታችን ግን የለም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በጅቡቲ ከተማ፣ በባሕር ዳርቻ በተሠራ አንድ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ያሳለፍኋቸው ጥቂት የጥር ምሽቶች ናቸው። ወጪውን የሸፈኑት የስብሰባው ጠሪዎች ናቸው፤ የእኔ ኪስ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ ላንጋኖ ይሆን ነበር። ጥር በጅቡቲ ደግ ወር ነው። በበጋቸው ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ንዳድ ይበርድና ነፋሱ ይለዝባል። በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ነጫጭ ወንበሮች ተደርድረዋል። በወንበሮቹ ላይ የሚቀመጡት ከአገር ጎብኚው ይልቅ መኮንኖች፣ ዲፕሎማቶችና የመርከብ ኩባንያ ሰዎች ይበዛሉ። አሜሪካም፣ ፈረንሳይም፣ ጃፓንም፣ ጣሊያንም፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ቻይናም (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጦር ሰፈር በያዙባት ትንሽ አገር ይህ የሚያስገርም አይደለም።

በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ለሚቀመጥ ሰው ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ትወጣለች እንጂ ወደ ውኃው አትጠልቅም። በምጽዋ ማታ የምትገባው ከተራራው ጀርባ ነው። ጅቡቲ ከተማ ግን እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የገባች በመሆኗ ወደ ምዕራብም ጥቂት ውኃ ይታያታል። ከዚያ ውኃ ባሻገር የዶራሌ ወደብ ክሬኖች አሉ፤ ከክሬኖቹ ኋላ በረሃው፤ ከበረሃው ኋላ እኛ። በዚያ ሆቴል ሰገነት ላይ ተቀምጦ የጀንበርን መጥለቅ የሚያደንቅ እንግዳ፣ ያውቀውም አያውቀው፣ ወደ ኢትዮጵያ እያየ ነው።

ትዕይንቱ አጭር ነው። የፀሐይዋ ክብ የአድማሱን መሥመር ከነካበት ጊዜ አንሥቶ ጨርሶ እስኪሰወር ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሊቃውንቱ የሚነግሩን ነገር ነው። አየሩ ብርሃኗን ስለሚያጎብጠው፣ የክቧ ታችኛ ጠርዝ አድማሱን ነካ ስንል ፀሐይዋ በእውነቱ ከአድማስ በታች ወርዳለች። እያየናት ያለችው የሄደች ጀንበር ናት። ስለ ባሕር የምናደርገው ፖለቲካዊ ክርክር አብዛኛው እንዲህ ይመስለኛል። በ1993 ኤርትራ ነጻነቷን ስታውጅ ከአድማስ በታች የወረደውን ነገር፣ እንባችን ባጎበጠው ብርሃን፣ ዛሬም ከአድማስ በላይ እናየዋለን።

ሲጨልም የሆቴሉ መብራቶች ይበራሉ። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሶማሌ ክልል ከሺኒሌ አካባቢ ከርሰ ምድር የሚወጣ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ይደርሳታል። ፍራፍሬውና አትክልቱ ከእኛ ይሄዳል፤ ጫቱም በየዕለቱ ይደርሳል። በአንጻሩ የእኛ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በእነርሱ ወደብ ነው። እነርሱ ባሕር ይሰጡናል፤ እኛ መብራትና ውኃ እንሰጣቸዋለን። በአደባባይ ንግግር ማንም ሲኮራበት የማይሰማ ትልቅ ጉርብትና ይህ ነው።

ብርጭቆዬን ያመጣችልኝ ወጣት አማርኛዬን ሰምታ ፈገግ አለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት።

«እህቴ፣ ስንት ጊዜሽ ነው እዚህ?» አልኋት።

«አራት ዓመቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ታድለሽ! ይህን ሁሉ ማታ ማታ እያየሽ…»

«ኧረ ጋሼ! በዚህ ሰዓት እኮ ሁሉም ሰው ያዝዛል። ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምሠራው» ብላ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሰሜን በኩል፣ ኦቦክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌና ከአርሲ የተነሡ ልጆቻችን በአሳል ሐይቅ አጠገብ ባለው በረሃ በእግራቸው አቋርጠው የሚደርሱት ወደዚያ ነው። ከዚያ በደላሎች ጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ ይሞክራሉ። የሚሻገሩበት ወሽመጥ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዓረብኛ የዋይታ በር ማለት ነው። በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጠው ኢትዮጵያውያን በአሥሮች ሞተዋል። ሁለቱም ጀልባዎች ከየመን ተመላሾችን የጫኑ ነበሩ፤ ሰዎቹ የሞቱት ወደ ቤታቸው ፊታቸውን አዙረው ነው። እንግዲህ አንዱ ባሕር ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላዋ የሥራ ቦታ፣ ለሦስተኛው መቃብር ነው።

በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የቀይ ባሕርን ነገር የህልውና ጉዳይ ብለው በአደባባይ ካነሡት ወዲህ፣ ክርክሩ በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው ወገን ስለ ባሕር ማንሣት ጦርነት መሻት ነው ይለናል። ሁለተኛው ወገን አለማንሣት ክህደት ነው ይለናል። በጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች። በዓመቱ መጨረሻ በአንካራ የጋራ መግለጫ ወጣ፤ የሶማሊያ ሉዓላዊነት ተከብሮ ኢትዮጵያ አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ ማግኘቷ እንደሚጠቅምም ተጻፈበት። በእኔ እምነት ጥያቄው ትክክል ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአንድ በር ብቻ መውጣትና መግባቷ አደጋ ነው፤ ሌሎች በሮችንም በስምምነት፣ በገንዘብና በትዕግሥት መፈለግ የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን በር መፈለግና የጎረቤትን ቤት መመኘት ይለያያሉ። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ረግፈዋል። ያን ሁሉ ደም የተቀበለው ምድር ለኢትዮጵያ አንድ ስንዝር የባሕር ዳርቻ አላስገኘላትም፤ ይልቁንም አሰብን የመሰለ ወደብ ያለ ሥራ አስቀርቶ ጭነቱን ሁሉ ወደ ጅቡቲ አዞረው።

አንባቢ «አገር በዚህ ጭንቅ ውስጥ እያለች ስለ ጀንበር መጥለቅና ስለ ሆቴል ሰገነት ይጻፋልን?» ቢለኝ አይፈረድበትም። እኛ የተማርን ነን የምንል ከተሜዎች ደስታን እንደ ነውር መቁጠር ልማዳችን ነው። እኔ ግን ነገሩ ተቃራኒ ይመስለኛል። ባሕርን በቁጭት ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ባሕርን በነጋሪት የሚሸጥለት ሰው ሲመጣ ቶሎ ይገዛል። ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ለሞት ሊያነሣሣ ይችላል። እግሩን በጨዋማው ውኃ ነክሮ፣ ከዓሣ አጥማጁ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ የዚያን አገር ልጆች በአሸዋው ላይ ኳስ ሲያባርሩ ያየ ሰው ግን ባሕሩ ባለቤት እንዳለው ያውቃል። መውደድ ሁልጊዜ መውረስ እንዳልሆነም ይገባዋል።

ስለዚህ ከወደብ ኪራዩ ቀጥሎ ሌላም ነገር ቢታሰብ እላለሁ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገደኛ ይጭናል፤ አሮጌው ሐዲድም ከ1917 ጀምሮ ይህንኑ ያደርግ ነበር። የአስተማሪና የነርስ ደመወዝ የሚችለው ማረፊያ፣ ለተማሪዎች የሚመች ጉብኝት፣ ለጎረቤት የሚቀል ቪዛ ከጦር መርከብ ይልቅ ርካሽ ናቸው። ጀንበር በነጻ ትጠልቃለች፤ ዋጋ የሚጠየቅበት ወንበሩ ብቻ ነው። ባሕሩን ያየ ትውልድ ከእኛ በተሻለ ይደራደርበታል፤ ልጆቹንም በሌሊት ጀልባ ሳይሆን በቀን ባቡር ወደዚያ ይሰድዳል።

ቸር እንሰንብት።