የስትራስቡርግ የገና ገበያ፦ በዓይን ጠግቦ፣ በኪስ ቆጥቦ መመለስ

በዓል በተቃረበ ቁጥር የእናት ልብ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ልጆቿን ማስደሰት ትፈልጋለች፤ በሌላ በኩል ከበዓሉ በኋላ ያለውን ወር በምን እንደምትገፋው ታሰላለች። ይህ የእኛ አገር እናት ሐሳብ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ በምትባል ጥንታዊት ከተማ፣ ከ450 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የገና ገበያ አለ። ውድ አንባቢያችን፣ ዘመድ ጥየቃም ሆነ የሥራ ጉዳይ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደዚያ አካባቢ ቢወስድዎ፣ ይህን ገበያ ሳያዩ እንዳይመለሱ እንመክራለን። ምን እንደሚታይበት፣ ምን እንደሚቀመስበትና ገንዘብ ሳያባክኑ እንዴት እንደሚጎበኙት ቀጥለን እናወጋዎታለን።

ስትራስቡርግ የአልዛስ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ከጀርመን የሚለያት የራይን ወንዝ ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለቱ አገሮች ሲነጣጠቁዋት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1681 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ያዛት፤ በ1871 ወደ ጀርመን ገባች፤ በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ በ1940 ናዚዎች ወሰዷት፤ በኅዳር 1944 ነፃ ወጣች። የቤቶቿ አሠራር፣ የምግቦቿ ስምና የሕዝቧ አነጋገር የሁለቱንም አገር ጠባይ የያዘው ለዚህ ነው። አሮጌው ከተማ ኢል የተባለ ወንዝ በሁለት ክንዱ ያቀፈው ደሴት ሲሆን፣ በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፓሪስ በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከጀርመኗ ፍራንክፉርትም በባቡር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

የገበያው ታሪክ የሚጀምረው ከቅዱስ ኒኮላስ ነው። ይህ ቅዱስ በአውሮፓ የልጆች ጠባቂ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ በዓሉ በሚውልበት በዲሴምበር 6 ቀን አካባቢ ወላጆች ለልጆቻቸው ስጦታ የሚሸምቱበት ገበያ ይቆም ነበር። ከተማይቱ የፕሮቴስታንትን እምነት ከተቀበለች በኋላ ግን ሰባኪዎቹ ለቅዱሳን በዓል ማድረግን ነቀፉ። የከተማው ምክር ቤትም በ1570 የኒኮላስን ገበያ ሽሮ፣ በምትኩ ከገና በፊት ባሉት ቀናት የሚቆም ገበያ ፈቀደ። ስሙም በአገሬው ቋንቋ «ክሪስትኪንደልስሜሪክ» ተባለ፤ የሕፃኑ ክርስቶስ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ የስጦታ ሰጪው ስም ተለወጠ፣ ልጆች ስጦታ መጠበቃቸውና ወላጆች መግዛታቸው ግን አልቀረም።

ዛሬ ገበያው የሚከፈተው በእኛ ኅዳር አጋማሽ ግድም ሲሆን፣ የሚዘልቀው እስከ እነርሱ ገና ድረስ ነው። የእነርሱ ገና ከእኛ 13 ቀን ስለሚቀድም፣ ገበያውን ያየ መንገደኛ ለአገሩ ገና በጊዜ ይደርሳል። ከተማይቱ ከ1992 ጀምሮ ራሷን «የገና ዋና ከተማ» ብላ ሰይማለች። በየአደባባዩ የሚቆሙት ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ሱቆች ከ300 ይበልጣሉ፤ የጎብኚውም ብዛት በሚሊዮን ይቆጠራል።

ጉብኝትዎን ከክሌበር አደባባይ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። በዚያ 30 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የገና ዛፍ ይቆማል። ከሥሩ ካሉት ሱቆች መካከል የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሱቆች ይገኙበታል፤ ከእነርሱ የሚገዙት ዕቃ ገንዘቡ ለችግረኛ የሚውል ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት ቢጓዙ ብሮግሊ አደባባይን ያገኛሉ። ጥንታዊው ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህ ተዛውሮ እስከ ዛሬ እዚሁ ይቆማል። ቀጥሎ የቆዳ ፋቂዎችና የወፍጮ ባለቤቶች ሰፈር ወደነበረው ወደ ፔቲት ፍራንስ ይለፉ። እንጨታቸው በግድግዳው ላይ ወጥቶ የሚታየው ቤቶች ውኃው ዳር ተደርድረዋል። የጣሪያቸው ሰገነት የተከፈተው ቆዳ እንዲደርቅበት ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ገና በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ መብራቱን ለማየት ልጆችን እስከ ሌሊት ማስመሸት አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ ካቴድራሉ እንዳያመልጥዎ። ከሮዝማ ድንጋይ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን 142 ሜትር ከፍታ አለው። ማማው የተጠናቀቀው በ1439 ሲሆን፣ ከ1647 እስከ 1874 ድረስ በዓለም ላይ ረጅሙ ሕንፃ እርሱ ነበር። በውስጡ ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓት የአሁኑን አካሉን ያገኘው ከ1838 እስከ 1843 በተሠራው ሥራ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ሕፃን፣ ወጣት፣ ጎልማሳና ሽማግሌ በተራ በሞት ፊት ያልፋሉ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ 12ቱ ሐዋርያት በክርስቶስ ፊት ይሰለፋሉ፤ ከላይ ያለው አውራ ዶሮ ክንፉን እያራገበ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ለዚህ ትርዒት አነስተኛ ክፍያ ይጠየቃል። ለልጅ ግን ከአንድ ከረጢት መጫወቻ ይልቅ ይህ በአእምሮው ይቀራል።

አሁን ወደ ዛፉ ታሪክ እንመለስ፤ ለእናቶች ትምህርት አለበትና። በ1605 ስትራስቡርግን ያየ አንድ መንገደኛ፣ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው ጥድ አቁመው ከባለ ቀለም ወረቀት የተቆረጡ ጽጌረዳዎች፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ቅብ ወረቀትና ስኳር እንደሚያንጠለጥሉበት ጽፎ ነበር። ዛሬ በሱቁ ሁሉ የሚያብረቀርቀው የመስታወት ኳስም የዚያ ፖም ምትክ ነው። እንደሚተረከው፣ በ1858 ድርቅ ሆኖ ፖም ሲጠፋ፣ ከዚያው አቅራቢያ የነበረ አንድ የመስታወት ሠራተኛ በፖም አምሳል ኳስ ነፍቶ ሠራ። ስለዚህ ልጅዎ ውድ ኳስ እያሳየ ቢያለቅስ አይጨነቁ። የቀድሞው ጌጥ መቀስ፣ ወረቀትና ፍራፍሬ ብቻ ነበር፤ ይህ በማንኛውም ቤት ይገኛል።

ስለ ምግቡም ጥቂት እንበል። ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት የሚሞቅ ወይን ጠጅ፣ ማርና ቅመም ያለበት ዳቦ፣ ብሬትስል የተባለው ጨው የተነሰነሰበት የተቆላለፈ ዳቦ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን በየቦታው ይሸጣል። ጎመኑ ዘወትር ከአሳማ ሥጋ ጋር ስለሚቀርብ፣ የማይበሉ ሰዎች አስቀድመው ይጠይቁ። ገበያው ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጣጠም፣ ለጾመኛ የሚስማማው በእሳት የተጠበሰ ማሮን የሚባል የዛፍ ፍሬና ትኩስ የፖም ጭማቂ ነው፤ ጭማቂው ለልጆችም ይሆናል። ትኩስ መጠጥ ሲገዙ ለኩባያው መያዣ ይከፍላሉ፤ ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘብዎን ይቀበሉ።

በገበያው ውስጥ የአገሬው የእጅ ሥራ አለ፤ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ የፋብሪካ ዕቃም አለ። በችኮላ ሳይገዙ፣ ማን እንደሠራው ሻጩን ይጠይቁ። የእጅ ሥራ የሚሸጥ ሰው መልሱን በደስታ ይነግርዎታል። ልጆችን ከመውሰድዎ በፊትም አንዳቸው አንድ ዕቃ ብቻ እንደሚመርጡ ይስማሙ። አስቀድሞ የተነገረው ልጅ ዞሮ ዞሮ የሚወደውን ይመርጣል፤ ያልተነገረው በየሱቁ ደጃፍ ያለቅሳል። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በአዘቦት ቀን ግፊያው ይቀላል።

ገበያው ሐዘንም አይቷል። በዲሴምበር 11 ቀን 2018 ምሽት አንድ ታጣቂ በገበያው አካባቢ ተኩስ ከፍቶ 5 ሰዎች ሞተዋል። ገበያው ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። በ2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይቆም ቀረ። ወደ ደሴቱ በሚያስገቡት ድልድዮች ላይ ቦርሳ ሊፈተሽ ስለሚችል ትልቅ ሻንጣ ይዘው አይሂዱ። የልጅዎን ኪስ ውስጥ የስልክ ቁጥርዎን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቢጠፋፉ የምትገናኙበትንም ቦታ አስቀድመው ያሳዩት።

ወደ ቤት ይዘውት የሚመለሱት መልካሙ ስጦታ ግን «ብሬደለ» የሚባለው ትናንሽ ብስኩት አሠራሩ ነው። የአልዛስ እናቶች ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ከልጆቻቸው ጋር ይጋግሩታል፤ በቆርቆሮ አድርገው ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጡታል። የቅቤው ዓይነት እንዲህ ይሠራል። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሩብ ኪሎ የገበታ ቅቤና የ8 እንቁላል አስኳል ያዘጋጁ። አንዱን አስኳል ለመቀባት ያስቀሩና ሌላውን ሁሉ በአንድነት ያሹ። ሊጡን ሸፍነው ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት። በማግሥቱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጠው ልጆች በብርጭቆ አፍ ወይም በቢላዋ ቅርጽ ያውጡለት። አስኳሉን ከላይ ቀብተው፣ 180 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ወርቃማ መልክ እስኪይዝ ያብስሉት። የተረፈውን የእንቁላል ነጭ አይድፉ፤ የአልዛስ ሴቶች ከተፈጨ አልሞንድ፣ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር አዋሕደው ኮከብ መሳይ ብስኩት ይሠሩበታል።

እንግዲህ ስትራስቡርግን ለማየት ዕድል ያገኘ ሰው ማማውን፣ ሰዓቱንና መብራቱን ይይ፤ ዓይን ሲያይ ኪስ አይጎድልም። ዕድሉን ያላገኘችውም እናት የገበያው ዋና ነገር አላመለጣትም። ወረቀት ቆርጦ ጌጥ የሚያንጠለጥልና ሊጥ የሚዳምጥ ልጅ ባለበት ቤት፣ በዓሉ የሚደምቀው በወጣው ገንዘብ መጠን አይደለም።