ስለ ፍጥነት ቅጣትና ስለ ሙግት

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ሥራ ሲጻፍ እናያለን እንጂ ስለ መኪና ቅጣት ሲጻፍ እምብዛም አላየንም። ነገር ግን ሾፌር ያለበት ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የክስ ወረቀት ከነጂው ኪስ ወጥቶ በእራት ገበታ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የመንገድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤት ጉዳይ ይሆናል። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የሰውን ሙግት በመዝገብ ስናሰፍር ከኖርን በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ መሟገት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነገር በገዛ ቤታችን ልንመረምር ግድ ሆነብን።

የባለቤታችን ታናሽ ወንድም በዚያ ጊዜ ከወረታ ባሕር ዳር በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሾፌር ነበረ። መኪናው የእርሱ አልነበረም፤ በየማታው ለባለንብረቱ የተወሰነውን ገንዘብ አስረክቦ የተረፈውን ለቤቱ ይወስዳል።

አገሩን ያላየ አንባቢ እንዲረዳው ያህል፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ነው፤ በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ሩዝ ይታጨድበታል። ሩዝ በአባቶቻችን ዘመን ያልታወቀ እህል ሲሆን፣ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ በየምጣዱ ይጋገራል። በኅዳር ወር ገለባ የጫነ አህያ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በስማቸው የታወቁት የፎገራ ከብቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ሁሉም በዚያው በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ወረታም መገናኛ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ከዚያ ይገነጠላል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ምድሩም ለጥ ያለ ስለ ሆነ የነጂን እግር ያታልላል።

አማቻችን እንደ ነገረን፣ ከቀትር በኋላ ከባሕር ዳር ሲመለስ፣ ከከተማው መግቢያ 50 የሚል ምልክት ካለበት ስፍራ ሲደርስ፣ አንድ ፒክአፕ መኪና በግራው በኩል ቀድሞት አለፈ። በዚያው ቅጽበት በመንገድ ዳር ራዳር ይዞ የቆመ የትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሣ። ፒክአፑ እልፍ ብሎ ሄደ፤ ሚኒባሱ ቆመ። በራዳሩ መስታወት ላይ 68 ተጽፎ ነበር። አማቻችን፣ «ይህ የእኔ አይደለም፣ የቀደመኝ መኪና ነው» ቢልም፣ ፖሊሱ በጨዋ ቃል፣ «ቅሬታ ካለህ ለሚመለከተው ታቀርባለህ» ብሎ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ የክስ ወረቀቱን ሰጠው።

የገንዘቡ ቅጣት ከአንድ ቀን ገቢ የሚበልጥ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208፣ ከገንዘቡ ሌላ በነጂው ስም የጥፋት ነጥብ እንዲያዝ ያዝዝ ነበር፤ ነጥቡም እየተደመረ ሲሄድ መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ለአንድ የቤት መኪና ነጂ ይህ ትንሽ ነገር ይሆን ይሆናል፤ በመሪ ለሚተዳደር ሰው ግን የእንጀራ ነገር ነው።

በዚያ ማታ ቤታችን በሁለት ወገን ተከፈለ። አማታችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የጥንት ተረት ጠቅሰው፣ «ልጄ፣ ከፍለህ ተገላገል» አሉት። ባለቤታችን ግን ወጡን እያወጣች፣ «እናቴ፣ ያ ዱሮ ነው፤ ያላጠፋ ሰው አጠፋሁ ብሎ የሚፈርመው ስለ ምንድር ነው?» ስትል መለሰች። በእውነትም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቈጠር፣ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሩን የማሰማት መብት አለው ይላል። ይህም መብት ለነፍሰ ገዳይ ተከሳሽ ብቻ ሳይሆን ለሚኒባስ ሾፌርም የተሰጠ ነው።

የአገራችን ሰው ሙግት መውደዱ የታወቀ ነው። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ሳይቋቋም በፊት፣ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ በንጉሥ ስም አምለው ያገኙትን መንገደኛ ያስቆሙና ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ መንገደኛውም ቢቸኩል እንኳ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ሳይሰማ ማለፍ ነውር ነበረ። ተሟጋቾቹም በትራቸውን እየወዘወዙ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ «በላ ልበልሃ» ይባባሉ ነበር፤ ውርርዱም አንዳንድ ጊዜ ከተጣሉበት ነገር ይበልጥ ነበር። እንግዲህ በመንገድ ዳር መዳኘት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ከዛፉ ጥላ ሥር በዳኛው ስፍራ ራዳር መቆሙ ነው።

ይህ የሙግት ፍቅር ዛሬም አልጠፋም። ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ ስንሠራ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ቅጣት አምስት ቀጠሮ የተመላለሰ ሰው እናስታውሳለን። ለመጓጓዣና ለምሳ ያወጣው ገንዘብ ቅጣቱን እጥፍ ድርብ አድርጎ ያልፈው ነበር። በመጨረሻ ነጻ ነህ በተባለ ጊዜ ከችሎቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ «አሁንስ ወዴት ልሂድ?» ብሎ ጠየቀን። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ ሰውዬው ገንዘቡን አውጥቶ ስሙን ገዝቶ መሄዱ ነበርና።

የፍጥነት ቅጣትም ቢሆን የእኛ አገር ፈጠራ አይምሰላችሁ። በአውቶሞቢል ፍጥነት ተከሶ መጀመሪያ የተቀጣው ሰው ዋልተር አርኖልድ የሚባል እንግሊዛዊ የአውቶሞቢል ሻጭ ነው ይባላል። ነገሩ የሆነው በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የዓድዋ ድል ሊሆን አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። በሰዓት 2 ማይል እንጂ ከዚያ በላይ ባልተፈቀደበት ስፍራ 8 ማይል፣ ማለት 13 ኪሎ ሜትር ያህል በመሄዱ፣ ፖሊሱ በቢስክሌት አሳድዶ ያዘው፤ አንድ ሺሊንግም ተቀጣ። ወደ አገራችን አውቶሞቢል የገባው ከዚህ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነው። በ13 ኪሎ ሜትርማ የወረታ ጋሪ እንኳ ፈረሱ ከሰገረ ይደርስበታል።

ያ የእንግሊዝ ፖሊስ ያሳደደውን ሰው በዓይኑ እያየ ያዘው፤ ራዳር ግን በዚህ አይመሳሰለውም። ወደ እኛ የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ድምፁ ቀጥኖ ይሰማል፣ ካለፈን በኋላ ግን ይወፍራል። ይህን ነገር ዶፕለር የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ገልጦት ነበር። ራዳርም የላከው ሞገድ ከመኪናው ነጥሮ ሲመለስ የሞገዱን መለወጥ አይቶ ፍጥነቱን ይቈጥራል። መሣሪያው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የተያዘ እንደ ሆነ የሚያነበው ከእውነተኛው ያነሰ ስለ ሆነ፣ ይህ ስሕተት ለነጂው የሚጠቅም ነው። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ሲመጡ ግን የትኛው እንደ ተቈጠረ የሚለየው የፖሊሱ ዓይን ነው። ስለዚህ የአማቻችን ቃል ከንቱ ቃል አልነበረም።

ፖሊሱም ደግሞ በከንቱ አልቆመም። በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርነው ሒሳብ ብናሰላው፣ በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል፣ በ68 የሚሄደው 19 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው ደንግጦ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ድረስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀትም ወደ እጥፍ ይጠጋል። በወረታ መግቢያ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጠው ልጅ ወይም ጥጃ ሒሳብ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ግን ሌላ ነገር ነበረ። ጉዳዩ ለዳኛ ቢቀርብ የሚቀርበው እኛ በምንሠራበት ፍርድ ቤት ነው። መዝገቡን የሚከፍተው ባልደረባችን ነው፤ ዳኛውንም በየጥዋቱ እጅ እንነሣለን። አማቻችን ቢረታ «የጸሐፊው አማች አይደለም?» ይባላል፤ እውነት ስለ ነበረው መርታቱን የሚያምን አይገኝም። ለስማችን ብለን «ተወው፣ ክፈል» ብንለው ደግሞ የእኛን ስም በእርሱ መንጃ ፈቃድ ማስጠበቃችን ነው። ባለቤታችን ይህን በአንድ ቃል ጨረሰችው፤ «አንተ ጸሐፊ በመሆንህ ወንድሜ መብቱን ሊያጣ ነው?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። ስለዚህ መዝገቡን በእጃችን እንደማንነካ ለአለቃችን በጽሑፍ ልናስታውቅ፣ እርሱም እንደ ማንም ሰው ቀርቦ እንዲሟገት ተስማማን።

በማግስቱ ማታ ባለቤታችን ወንድምዋን ልታለማምደው ፈለገች። አማታችንን ከበርጩማው ላይ ዳኛ አድርጋ አስቀመጠች፤ እኛን እስክሪብቶ አስያዘችን፤ ራስዋ ከሳሽ ሆነች። ቡናው ከሁለተኛው ደርሶ ነበር።

«በዚያ ሰዓት በስንት ትነዳ ነበር?» አለችው።

«በአርባ አምስት፤ ቢበዛ በአርባ ስምንት።»

«በምን ዐወቅህ?»

«እታለም ደግሞ! ሾፌር አይደለሁም? በሞተሩ ድምፅ ዐውቃለሁ።»

«መርፌውስ?»

ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «መርፌውማ ከፋሲካ ወዲህ አይነሣም» አለ።

ከፋሲካ እስከ ኅዳር ስንት ወር እንደ ሆነ ሁላችንም በልባችን ቈጠርን። ከመርፌው ጋር የሚያያዘው ገመድ ተበጥሶ፣ ለባለንብረቱ ደጋግሞ ነግሮት፣ ባለንብረቱም መርፌ ተሳፋሪ አይጭንም ብሎ መልሶለት እንደ ነበረ አጫወተን። ዳኛዋ አማታችን አንዳች ሳይናገሩ ረከቦቱን ይመለከቱ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አለን።

እኛም እንዲህ አልነው፤ «መኪና ቀድሞህ ማለፉን በዓይንህ አይተሃል፤ ይህን ለዳኛ ብትናገር ማንም አያሳፍርህም። አርባ አምስት መሆኑን ግን አላየህም። ዳኛው ቢጠይቅህ አላውቅም የምትል ከሆነ ሂድና ተሟገት፤ አርባ አምስት የምትል ከሆነ ግን አትሂድ።»

ባለቤታችን በዚህ አልረካችም። ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው፤ ወንድሜ ስለ ፍጥነቱ ዝም ቢል ሕጉ አያስገድደውም፤ የቀደመው መኪና መኖሩን ብቻ ተናግሮ ዳኛው ይመዝነው አለች። በሕግ ረገድ ያለችው ትክክል ነበረ፤ በችሎት ብዙ ጠበቆች ከዚህ አሳንሰው ሲናገሩ ሰምተናል። እኛም ይህንኑ ሳንሸሽግ ለአማቻችን ነገርነው፤ ውሳኔው የእርሱ ነበርና።

እርሱም ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ በጥዋት ሄዶ ከፈለ። ምክንያቱን በጠየቅነው ጊዜ፣ ለፖሊሱም፣ ለተሳፋሪዎቹም፣ ለእኛም አርባ አምስት ብያለሁ፤ አሁን በዳኛ ፊት ዝም ብል ከዚህ በፊት የተናገርሁት ሁሉ ያፍርብኛል አለ። ምስክር ሊጠራቸው ያሰባቸው ሁለት ተሳፋሪዎችም ሩዛቸውን በማጨድ ላይ ነበሩ፤ ደግሞስ እነርሱ ምን መርፌ አዩ?

መንጃ ፈቃዱን እንደ ተቀበለ ወደ ባለንብረቱ ሄዶ መርፌው ሳይነሣ ቁልፉን አልይዝም አለው። ባለንብረቱም ተቈጥቶ ሚኒባሱን ለሌላ ሾፌር ሰጠ። ሁለት ቀን ሙሉ አማቻችን ያለ ሥራ በደጃችን ሲቀመጥ፣ ባለቤታችን በእኛ ላይ የነበራት ፊት ጥሩ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ባለንብረቱ ገመዱን ከባሕር ዳር አስገዝቶ ልጁን አስጠራው። የገመዱ ዋጋ ከቅጣቱ ያነሰ ነበር።

ባለቤታችን ግን የዚያን የፒክአፕ ነገር አልተወችም። ከወንድምዋ ጋር ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ከፊት ወንበር ትቀመጥና፣ አንድ ጊዜ መርፌውን፣ አንድ ጊዜ በግራ በኩል የሚቀድሙትን መኪናዎች እያየች ትሄዳለች።