«ሴት ናቸው» ብዬ የሸጥኳቸው ጫጩቶች ሲጮኹ ጉዴ ፈላ!

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይባል የለ? የእኔ ጉድ የተሰማው ግን ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያውም ከጎረቤት ቤት፣ በዶሮ ጩኸት! ሌላው ሰው ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ሲነሳ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በሐፍረት ተኮማተርኩ። ለምን? ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ኮልፌ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር ወጣት ነኝ። ደመወዟ ወር ስለማትደርስ ጓሮ ጥግ ላይ ዶሮ ማርባት ጀመርኩ። እናቲቱ ጥቁር የአበሻ ዶሮ ነች። አውራው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የኮኮክ ዝርያ ክልስ ሲሆን፣ ላባው ላይ ጥቁርና ግራጫ መስመር አለው። ታቅፋ በ21 ቀኗ 11 ጫጩት ፈለፈለችልኝ። ሁሉም ጥቁር፣ አምስቱ ግን አናታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው።

ይሄን ያዩ አንዲት ጎረቤቴ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ መጡና «ልጄ፣ ሴት ሴቱን ምረጥልኝ። እንቁላሉን ለሱቁ እያስረከብኩ ለልጅ ልጄ ደብተር እገዛበታለሁ» አሉኝ። ብሩ የእቁብ ብራቸው ነበር።

እኔ ታዲያ ምን ቸገረኝ! አንድ ጓደኛዬ «አናቱ ላይ ነጭ ያለበት ወንድ፣ የሌለበት ሴት ነው» ብሎኝ ነበር። ነጭ የሌለባቸውን ስድስቱን ቆጥሬ «እትዬ፣ ስድስቱም ሴት ናቸው፤ አንገቴን እሰጣለሁ!» ብዬ አስረከብኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ሁለት ወር ሲሞላቸው ላያቸው ጎራ አልኩ። የአንዳንዶቹ አናት ላይ ያለችው ሥጋ ቀላ፣ ወፈር ብላለች። እግራቸውም ደንደን ብሏል። ልቤ ድንግጥ አለ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። «ምናልባት ይለወጥ ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልኩና ዝም አልኩ። ወገኖቼ፣ አለማወቄስ ይሁን፤ እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ ይቺ ዝምታ ነች። እሳቸው ከጉሮሯቸው ቀንሰው ፉርሽካና የእህል ስባሪ ሲገዙ ሁለት ወር ሙሉ ቆሜ አየሁ።

በአራተኛው ወር «ኩኩሉ!» ተባለ። ከስድስቱ አራቱ አውራ!

ስህተቴ የት እንደነበር ያስረዳኝ አንድ የዶሮ እርባታ ባለሙያ ነው። በሰው ልጅ ወንድ ወይም ሴት መሆንን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። (ሴት ልጅ ወለድሽ ብላችሁ ሚስቶቻችሁን የምታኮርፉ፣ ይሄን አስምሩበት!) በዶሮ ግን ተቃራኒው ነው፤ የምትወስነው እናት ነች። አውራው ሁለት «ዜድ» የሚባል የዘር ክር አለው። እናቲቱ አንድ «ዜድ» እና አንድ «ደብልዩ» አላት። ያ የላባ መስመር የሚወረሰው «ዜድ» ላይ ሆኖ ነው። እንግዲህ መስመር ያላት እናት ብትሆንና አባትየው መስመር የሌለው ጥቁር ቢሆን፣ የእናቲቱ «ዜድ» ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ስለሚደርስ ነጭ ነጠብጣብ የሚታየው ወንዶቹ ላይ ነው። የጓደኛዬ ምክር የሚሠራው በዚህ ጊዜ ብቻ ነበር። የእኔ ግን ተገላቢጦሽ! መስመር ያለው አባትየው ነው። አባት ደግሞ «ዜድ»ን ለወንዱም ለሴቱም ስለሚሰጥ ምልክቱ ፆታ አይለይም።

በክንፍ ላባ ርዝመት መለየትም እንዲሁ ነው፤ ለዚያ ተብሎ በተዳቀለ ዝርያ ላይ እንጂ በጓሮ ክልስ ላይ አያስተማምንም። «ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት» የሚባለውን ደግሞ ተውት። በመጀመሪያው ቀን የጫጩቷን መቀመጫ ገልጦ መለየት የሚችሉ ሠልጣኞች አሉ። ጥበቡን ያስፋፉት ጃፓኖች ሲሆኑ፣ ማሱይና ሐሺሞቶ የተባሉ ሰዎች በ1933 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመውበታል። ያልሠለጠነ ሰው ከሞከረው ግን ጫጩቷን ይጎዳታል።

ታዲያ እኛ የጓሮ አርቢዎች ምን እናድርግ? መታገስ! በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን እግራቸው ላይ የተለያየ ቀለም ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሲያድጉ እንዳያንቃቸው እየፈታችሁ እሰሩላቸው። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ አናታቸውንና ከአገጫቸው ሥር ያለውን ሥጋ አወዳድሩ። ቀድሞ የቀላውና የወፈረው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። የአበሻ ዶሮ አናት ሥጋ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትፍረዱ። ሦስት ወር ገደማ የአንገቱንና የወገቡን ላባ እዩ። ሹልና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አውራ ነው፤ ጫፉ ክብ ከሆነ ቄብ ነች። ከዚያ በፊት የሚሸጥ ሰው «ፆታውን አላውቅም» ብሎ፣ በዚያው ልክ ዋጋ ቀንሶ ይሽጥ።

ወደ እኔ ልመለስ። ያን ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩና «እትዬ፣ በሁለት ወራቸው ጠርጥሬ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ዶሮውስ ይሁን፤ ያኔ ብትነግረኝ የእህሉ ብር ይተርፈኝ ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግነቱ፣ «ወንድ ናቸው» ብዬ ለበዓል ልሸጣቸው ያስቀመጥኳቸው አምስቱ ባለ ነጭ አናቶች ውስጥ ሦስቱ ቄብ ሆነው ተገኝተዋል! ሦስቱን ወስጄ ሰጠኋቸው። አራቱን አውራ ተረከብኩና ለበዓል ሸጥኩ፤ የአንዷን ጫጩት ዋጋና የእህሉን ወጪ ከዚያው ላይ መለስኩላቸው። ለእኔ የተረፈኝ ከታክሲ ሒሳብ አያልፍም።

አሁን አምስት ዶሮ አላቸው፤ አራቱ እንቁላል ጀምረዋል። የልጅ ልጃቸው በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር ትስቅና «ጋሼ፣ እኔስ ወንድ ነኝ ሴት?» ትለኛለች። እኔም «ሦስት ወር ጠብቂኝ!» እላታለሁ።