ያልተሰፋ ልብስና የመንገደኛ ሸክም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብስም ከሎሚው አይለይም፤ በሻንጣ ታጭቆ ሲጓዝ ሸክም፣ ሰው ሲለብሰው ጌጥ ነው። እንግዲህ መንገደኛ ሁሉ ጓዙን ሲሸክፍ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ሸክሙ ሳይበዛ ክብሩም ሳይጎድል ምን ይያዝ? ለዚህ ጥያቄ የሕንድ ሕዝብ ከጥንታዊ የአለባበስ ባህሉ ያገኘውን መልስ፣ በደቡብ ሕንድ ከቼናይ ወደ ማዱራይ በባቡር በተጓዝኩበት ወቅት በቅርብ ለመመልከት ችያለሁ።

የሕንድ ልብስ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከሕንድ በመጡ መምህራን የተማረው ትውልድ ሳሪን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እያየ አድጓል። ነጠላና ጋቢ ለሚለብስ ሕዝብም መቀስ ያልነካው ጨርቅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ሳሪ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ወንዶች የሚያገለድሙት ዶቲ ደግሞ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ቁልፍ የለውም፤ ኪስ የለውም፤ ልክ የለውም። የከሳም የወፈረም ይለብሰዋል፤ እናት ለልጇ ታወርሰዋለች። ሲታጠፍ ግን እንደ ደብተር ጠፍጥፎ ከሻንጣው ጥግ ይቀመጣል።

በባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ እናት ለሁለት ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ይሄዱ ነበር። ጓዛቸው ግን አንዲት የጨርቅ ከረጢት ብቻ ነበረች። እንግሊዝኛ የሚያውቀው የልጅ ልጃቸው እየተረጎመልኝ ብጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው ከረጢቷን ከፈቱልኝ። ከለበሱት ሌላ አንድ የጥጥ ሳሪ፣ ሁለት አጫጭር ሸሚዞች፣ ለሁለቱም ሳሪዎች በቀለም የሚስማማ አንድ የውስጥ ጉርድ፣ አንድ ስስ ፎጣ፤ ይኸው ነው። ማታ የታጠበ ስስ ጥጥ በዚያ አገር ሙቀት ማለዳ ደርቆ ይገኛል። በትከሻ ላይ የሚጣለው ጫፍ ደግሞ ለፀሐይ ጥላ፣ ለብርድ መከናነቢያ፣ ለሳንቲም መቋጠሪያ ይሆናል። ካርጀም በኋላ አገልግሎቱ አያበቃም፤ አሮጌ ሳሪ ከመኝታው ብረት ላይ አስረው ሕፃን ሲያወዛውዙበት አይቻለሁ።

ይህ ሲባል የሕንድ ልብስ ሁሉ ለመንገድ ይቀላል ማለት አይደለም። በወርቀ ዘቦ የተጠለፈው የካንቺፑራም የሐር ሳሪ ከባድ ነው፤ ጥንቃቄም ይጠይቃል። በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ክሩ በእጥፋቱ ላይ እንዳይሰነጠቅም በየጊዜው እየተፈታ በሌላ መሥመር ይታጠፋል። ለሠርግ የሚሄድ ሰው አንድ ቢይዝ ይበቃዋል።

የእኚያ እናት ሁለተኛ ሳሪ ግን ሱንጉዲ የሚባለው የማዱራይ ሥራ ነበር። ይህን ጨርቅ የሚሠሩት ቀደምቶቻቸው ከጉጅራት ተሰደው የመጡ ሳውራሽትራ የተባሉ ወገኖች ናቸው። በጥንቱ የእጅ ጥበብ ጨርቁ ነጥብ በነጥብ በጣት እየተቆነጠረ በክር ይታሰርና ቀለም ይነከራል፤ ክሩ ሲፈታ በታሰረበት ቦታ ሁሉ እንደ ከዋክብት የፈኩ ነጥቦች ይቀራሉ። በአንድ ሳሪ ላይ በሺሕ የሚቆጠር ቋጠሮ አለ። ለመንገደኛው የቀለለው ጨርቅ ለባለ እጁ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማዱራይ በሌላም ምክንያት የልብስ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ማሃትማ ጋንዲ ሸሚዝና ቆባቸውን ትተው በወገብ ጨርቅ ብቻ መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1921 በዚህች ከተማ ነው። የውጭ ጨርቅ ጥላችሁ በእጅ የተፈተለውን ልበሱ ብለው ሲቀሰቅሱ፣ ድሃው መግዣ የለንም ቢላቸው፣ ራሳቸው ከድሃው መጠን ወረዱ። በ1931 ለንደን ላይ ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ጋር የተገናኙትም በዚያው አለባበስ ነበር። በ1948 ሲገደሉ ደም የነካው ጨርቃቸው ዛሬ በማዱራዩ የጋንዲ መታሰቢያ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ነገር ግን ቀላል ጓዝን ከማድነቃችን በፊት ልናስታውሰው የሚገባ ሌላ ታሪክ አለ። ጋንዲ በግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ በ1917 በቻምፓራን ሳሉ ባለቤታቸው ካስቱርባ የአንዲት መንደር ሴቶች ልብሳቸውን ስለምን እንደማያጥቡ ይጠይቃሉ። ከሴቶቹ አንዷ ወደ ጎጆዋ አስገብታ አሳየቻቸው፤ ሣጥንም ሌላ ልብስም የለም። ገላዋ ላይ ያለው ብቸኛው ሳሪዋ ስለሆነ፣ አውልቃ ልታጥበው አትችልም ነበር።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የባቡሯ እናትና የቻምፓራኗ ሴት ጓዝ የሚለያየው በአንድ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ያ አንድ ጨርቅ ግን በምርጫና በችጋር መካከል ያለ ድንበር ነው። አንዱ በገላ ላይ ሳለ ሌላው በገመድ ላይ የሚሰጣለት ሰው የትም ቢሄድ ንጹሕና የተከበረ ነው። ከሁለት በላይ የሚሸከም መንገደኛ የሚጨምረው ድካሙን ነው። ሁለተኛው የሌለው ግን ቀላል ጓዝ ያዘ ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም፤ ሁለተኛው ሊሰጠው ይገባል እንጂ።