«አዲስ አበባ ደረሰኝ»

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምደባ በተለጠፈ ቁጥር፣ ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ «አዲስ አበባ ደረሰኝ!» ብሎ ለዘመድ የሚደውል ልጅ አይጠፋም ነበር። በሐሳቡ አራት ኪሎ አለ፣ ፒያሳ አለ፣ ማኪያቶ አለ። ሻንጣውን ተሸክሞ ከመናኸሪያ ሲወጣ ግን ታክሲው ወደ ደቡብ ያዞራል። ሳሪስ ያልፋል፣ ቃሊቲ ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳል፤ ጉዞው ገና ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ነው።

የከተማዋን ስም የሚጋራው ታላቁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዕድለኛ ነበር። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ፣ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በሉሲየን ማት መሪነት፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ። በ1954 ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት። ለታናሹ የደረሰው የእርሻ ማሳ ነው።

ማሳውን ያስገኘለት ዘመኑ ነው። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ ብሎ ወስኖ ነበር። ያን ሁሉ መሐንዲስ የሚያስተምር ግቢ ያስፈልጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 216/2003 ወጣ፤ ኅዳር 2004 ላይ 2,000 ተማሪዎች ገቡ። መፈክሩም «ዩኒቨርሲቲ ለኢንዱስትሪ» ሆነ። በዚህ ረገድ ቦታው አልተሳሳተም። የቃሊቲ ብረታ ብረትና የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካዎች ጎረቤት ናቸው።

ሌሎቹ ጎረቤቶች ትንሽ ያስቃሉ። ቂሊንጦ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው፤ «ልጄ ቂሊንጦ ነው» የሚል ወላጅ «ዩኒቨርሲቲው» ብሎ ቶሎ ካልጨመረ ሰሚው ከንፈሩን ይመጣል። ቢራም አለ። ሄኒከን የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎችን ከመንግሥት የገዛው ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተበት በ2003 ነበር፤ በ2007 ደግሞ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የሚጠምቅ ፋብሪካውን እዚያው ቂሊንጦ ላይ አስመረቀ። እንግዲህ ተማሪው፣ እስረኛውና የሄኒከን ዋልያ ቢራ ባንድ መንደር ይኖራሉ። በመካከሉ ከተማውም ተከትሎ ደረሰ፦ የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻውን ቱሉ ዲምቱ አደረገ፤ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞችም ማሳውን ሸፈኑት።

የበላይ አካሉም እንደ መንደሩ ረግቶ አልተቀመጠም። ግቢው ከአዳማው አቻው ጋር ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነ፣ ከዚያ በ2011 ለተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በ2014 ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴር። የደብዳቤ አርማ የሚያትም ሰው ሥራ አልፈታም ማለት ነው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ማዘጋጀት ሲጀምሩ «ደረሰኝ» ማለት ቀረና «አለፍኩ» መባል ተጀመረ።

ግቢ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን በየትኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅ ነው። አዲስ ገቢው ፍሬሽ ሚል ካርዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ለካፌ ይሰለፋል፤ ጂሲ (ተመራቂ) የሆነው ከኋላ መጥቶ «ክላስ አለብኝ» እያለ ይቀድመዋል። የጠዋቱ ዳቦ በሶፍት ተጠቅልሎ ወደ ዶርም ይገባል፤ ማታ ከሻይ ጋር የሚያዋጣው እሱ ነው። ካፌውን የተወ ነን ካፌ ይባላል፤ ለወጪ መጋራቱ ግን እሱም እንደ ሌላው ፈርሟል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስለመጣ፣ ድሮ በሰኔ የምርቃት ሱፍ ያሰፋ የነበረ ጂሲ አሁን ቤተ መጻሕፍት ስፔስ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል።

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ግን ቂሊንጦን በሌላ ምክንያት ሊወዳት ይገባል። መሬቱ መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው፦ ደቅቆ የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ውሃ በያዘ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ተጨምሮ እስከ ማግሥቱ ይቀመጣል። በማግሥቱ አፈሩ 20 ላይ ከደረሰ መቶ በመቶ አብጧል ይባላል። ለቤት ሠሪ ይህ ማለት ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው፤ ያም ገንዘብ ነው። መቆፈሩን የዘለለ ኮንትራክተር ክፍያውን የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው። ስንጥቁን የሚያየው በክረምት የገባው ባለቤት ነው።