በቍስል አንደኛ

በገለምሶ የሚኖሩት አክስታችን በልጅነታቸው የምድጃ እሳት ቅልጥማቸውን አቃጥሏቸው ነበርና፥ ጠባሳው አርባ ዓመት ያህል ደርቆ ከኖረ በኋላ እንደ ገና ቈሰለ። ቅባትም ቅጠልም ተሞከረለት፤ ዳርቻው እየደደረ ወደ ውጭ ተገለበጠ እንጂ አልዳነም። የቃጠሎ ጠባሳ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ነቀርሳ፥ ይኸውም ዛሬ ካንሰር ወደሚባለው ደዌ፥ ሊለወጥ እንዲችል እኛ አናውቅም ነበር። ሐኪሙ ግን ያውቅ ኖሮ ከቍስሉ ዳር ጥቂት ሥጋ ቈርጦ በፎርማሊን ጨመረልን፤ እኛም በበዴሳና በጭሮ አድርገን ወደ ሐረር ወሰድነው።

የመጣው ወረቀት «ደረጃ 1» ይል ነበር። ወንድማችን፥ አንደኛ ማለት ከሁሉ የበለጠ ነውና በበሽታም ከሁሉ የከፋው ይሆናል ብሎ አለቀሰ። አክስታችን ግን «በዕድሜዬ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም፤ በቍስል ወጣሁ!» ብለው ሳቁ።

ነገሩ እንደዚህ ነው። ሥጋው በሰም ውስጥ ተቀብሮ ከጠጕር ይልቅ እየሳሳ ይቈረጣል፤ የሕዋሱ አስኳል ሰማያዊ፥ የቀረው ሐምራዊ እንዲሆን በሁለት ቀለም ይነከራል። ጤነኛ የቆዳ ሕዋስ ከታች ተወልዶ ወደ ላይ ሲወጣ እየተለጠጠ፥ ጥፍርና ጠጕር የተሠሩበትን ኬራቲን ያበጃል። በነቀርሳውም ውስጥ ሕዋሶቹ ይህን ሥራቸውን ሳይረሱ ኬራቲኑን እንደ ዕንቍ ክብ አድርገው ሲያከማቹ ከታዩ ደረጃ 1 ይባላል። ኬራቲኑ ሲያንስ፥ አስኳሉም መጠኑ ሲዘበራረቅ 2 ነው። ቆዳ መሆናቸው እስኪያጠራጥር ድረስ መልካቸው ከጠፋ 3 ይሆናል። አሜሪካዊው ሐኪም ብሮደርስ በ1920 እ.ኤ.አ. የከንፈርን ነቀርሳ በ4 ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ ዛሬ ግን በ3 መክፈል የተለመደ ነው።

በሽታው በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተሰራጨ የሚነገርበትም ቃል በቋንቋችን ያው «ደረጃ» መሆኑ ያሳዝናል። ለእኛ ቢተውልን አንዱን «መልክ»፥ ሁለተኛውን «ርቀት» ባልነው ነበር። በቃጠሎ ጠባሳ ላይ የበቀለ ነቀርሳ መልኩ ደኅና ቢመስልም ርቆ ሊሄድ ይችላልና፥ ሐኪሙ በወረቀቱ ሳይታለል ንፍፊት እንዳለ ለማወቅ ብሽሽታቸውን ዳሰሰ፤ አላገኘም።

ቍስሉ ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ተቈርጦ ወጣ፤ ከጭናቸውም ቆዳ ተወስዶ ቦታው ተሸፈነ። የተቈረጠው ዳርቻም በአጉሊ መነጽር ታይቶ ንጹሕ ተባለ። አሁን በየሦስት ወሩ ለምርመራ ይመለሳሉ፤ ያንን ወረቀት ግን ቡና በተፈላ ቍጥር ለጎረቤት ያሳዩታል።